የሳጥኑ ጀርባ

ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን ጀርባውን ወደ ሰው አዙረው ባያስቀምጡት ኖሮ ወይዘሮ ማልሱን ነገሩን ሳያውቁ ይሞቱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚያውቁት ፊቱን ነው፤ የሚያብረቀርቀውን ጥቁር ቀለምና በዛጎል የተለበጡትን ሽመላዎች በየቀኑ በደረቅ ጨርቅ ይወለውላሉ። ግድግዳ የተደገፈ ጀርባ ግን ማን ያያል? አሁን ሲያዩት በሙጫ የተደራረበ የፋብሪካ ጣውላ ነው። እናታቸው ሲድሯቸው የሰጧቸው ሳጥን ጀርባው ከአንድ ዛፍ የወጣ ወፍራም ሳንቃ ነበር።

ማጠፊያው ሲረግፍ ለጥገና የወሰደችው ምራታቸው ሄራን ናት። ያውም ለምና። «እርስዎ አይድከሙ እማዬ፣ አናጢው ፒልጁ ዘንድ እኔ አደርሰዋለሁ» ስትል እንዴት ያለች ደግ ልጅ ብለው ነበር። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

«ቶሎ በሉ፣ ወደ ግድግዳው አስጠጉት» እያለች ሄራን ተሸካሚዎቹን ታጣድፋለች።

«ምን አስቸኮለሽ?»

«መንገድ ዘጋ እኮ እማዬ።»

«የማንን መንገድ? እዚህ ቤት ያለነው አንቺና እኔ ነን።»

ከዚያ ወዲያ ሁሉም ነገር ማስረጃ ሆነ። ሄራን ወደብ ገበያ ከቆየች ገንዘቡን ልትቀበል ሄዳ ነው። አዲስ ጫማ ካደረገች ከሳጥኑ ነው። ዝም ካለች ደግሞ እያሰላች ነው። ወይዘሮ ማልሱን ዓሣ ሲጠብሱ እንኳ ዓይናቸው እሷ ላይ ነው፤ ዓሣውም ያርርባቸው ጀመር። በመጨረሻ ኡልሳን ከተማ መርከብ የሚሠራው ልጃቸው ቴሲክ ዘንድ ደወሉ። «ሚስትህ የእናቴን ሳጥን ሸጣ፣ አስመስላ አሠርታ አስቀመጠችልኝ» አሉት። እውነት ከሆነ ለመኸር በዓል ሲመጣ እናቷ ቤት እንደሚመልሳት ነገራቸው። እሳቸውም ደግ አደረግህ አሉ።

በበዓሉ ዋዜማ ሄራን ለሙታን ለሚቀርበው ማዕድ የሩዝ ሊጥ ስታድበለብል ፊት ለፊቷ ቁጭ አሉ።

«ሸጠሽዋል?»

እጇ ቆመ። «ምኑን?»

«ጀርባውን አይቻለሁ።»

ሄራን ሊጡን ከእጇ ላይ ጠረገች። «አዎ እማዬ፣ ሸጬዋለሁ» አለች። «ይቅር ይበሉኝ።»

«ለማን?»

«ሰውየውን አላውቀውም።»

ወይዘሮ ማልሱን የገዢውን ስም ከፒልጁ አፍ ሊያወጡ እሳት ጎርሰው እሳት ለብሰው ወደ ሱቁ ወረዱ። ፒልጁ አብሮ አደጋቸው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ዛጎል በቀጭን መጋዝ ይቆርጣል።

«አንተ ሽማግሌ ቀጣፊ፣ የእናቴን ሳጥን ለማን አሳልፈህ ሰጠህ?»

«ተቀመጪ ማልሱን።»

«አልቀመጥም። ልጅቷ ራሷ ሸጥኩ ብላ አምናለች።»

ፒልጁ መጋዙን አስቀመጠ። «እንደዚያ ካለች እኔም ከዚህ በላይ ዝም ልል አልችልም። አሁን ቤትሽ ያለውን ሳጥን የሠራሁት ቴሲክ ገና ሲድህ ነው። ዋናውን ባልሽ በካርታ ቁማር ተበላ።»

«ማንሶክ ካርታ ነክቶ አያውቅም።»

«ከዚያ ወዲያ አልነካም። ሽመላዎቹን አንድ በአንድ አስመስልልኝ ብሎ እዚችው ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለጥሩ ሳንቃ አቅም አልነበረንም፤ ጀርባውን በተገኘው ሠራሁት። ምራትሽ ስታመጣው አይታ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። እማዬ እንዳይሰሙ ብላ አስማለችኝ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።»

ወይዘሮ ማልሱን ሳይፈልጉ ተቀመጡ። ያኔም ሳጥኑ ቀለሙ ይታደስ ተብሎ ሄዶ ነበር። ሲመለስ ደስ ብሏቸው ለማንሶክ ዶሮ ቀቅለውለታል። ጀርባውን አላዩም፤ ባልን ማን ይጠረጥራል?

በበዓሉ ጠዋት ዘመድ ተሰብስቦ ማዕዱ በሟቹ በማንሶክ ፎቶ ፊት ተደረደረ። ቴሲክ ሚስቱን ቀና ብሎ አያያትም፤ ሻንጣዋ በር ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ማልሱን ማድ ቤት ውስጥ እጇን ያዙ።

«ፒልጁ ነግሮኛል።»

ሄራን ደነገጠች። «እባክዎ እማዬ፣ ቴሲክ እንዳይሰማ። አባቱ ለሱ ሌላ ነው። እኔ እናቴ ቤት ትንሽ ብቆይ ይረሳል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ዝም ማለት አማራቸው። የሟች ስም ሲጠፋ አብራ የምትጠፋው ሚስት ናት፤ አክስት አጎቱ ሁሉ ደግሞ እዚያው ነው። ምንም ሳይሉ ወጥተው ከማዕዱ አጠገብ ቆሙ። በራሳቸው አፈሩ።

ቴሲክ ተንበርክኮ ለአባቱ የሩዝ ጠጅ ቀዳ። «አባቴ ቢኖር» አለ ዘመዶቹ እንዲሰሙ፣ «ሌባ እዚህ ቤት እግሯን አታስገባም ነበር።»

ወይዘሮ ማልሱን ጽዋውን ከእጁ ወሰዱት።

«ሳጥኑን ያጠፋው አባትህ ነው» አሉ። «በቁማር ተበልቶ። ይቺ ልጅ የሱን ስም ለመሸፈን ሌባ ልባል አለች። እኔ ደግሞ ሌባ አልኳት።»

ቴሲክ አንዴ እናቱን፣ አንዴ ፎቶውን ያያል።

«ለአባትህ በኋላ ትሰግዳለህ» አሉት። «አሁን ተነሥና ሚስትህ ፊት ስገድ። ካንተ ቀጥሎ ተረኛዋ እኔ ነኝ።»