ለሃቸር የተጻፈች ድል

ቨርሊን ክሩምን የሰደበው ዶይል ሃቸር ነው። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት፣ በማርች ወር ሁለተኛው ቅዳሜ፣ በኮሌጁ ለጋሾች ራት ላይ። ከፊታቸው የተጠበሰ ዓሣና የበቆሎ ዳቦ ነበር። አንዲት የድንጋይ ከሰል ባለሀብት ሚስት በጣቷ ወደ ቨርሊን ጠቁማ የዚህኛው ሥራ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ሃቸር አፉን እየጠረገ፣

"ቨርሊን? ኮቴን ይይዝልኛል" አለ።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። ቨርሊንም አብሮ ሳቀ። እስከ ዛሬ አንጀቱን የሚያሳርረው ያ የራሱ ሳቅ ነው።

የሚያመው ደግሞ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። በኬንታኪ ተራሮች መሃል ባለው በዚያ ትንሽ ኮሌጅ ሃቸር የቅርጫት ኳሱ ዋና አሰልጣኝ፣ ቨርሊን ረዳቱ ነበር። ሃቸር ቁጡ ነው፤ ዳኛ ላይ ይዘላል። ዳኛ የሰደበ አሰልጣኝ ይቀጣል፤ ከደገመ ከአዳራሹ ይባረራል። ስለዚህ ቨርሊን ከጎኑ ይቀመጥና ሰውዬው ብድግ ባለ ቁጥር ኮቱን ከኋላ ጨምድዶ ይጎትተዋል። ይሄ የረዳት ወግ ነው፣ የትም አለ። ግን ተጫዋቾቹን ከየእናታቸው ወጥ ቤት ለምኖ የሚያመጣቸው ማን ነው? የባላጋራን ጨዋታ በቪዲዮ እየመላለሰ ዓይኑ እስኪቀላ የሚያጠናው ማን ነው? ድል ሲመጣ ግን ጋዜጣው ላይ የሚወጣው የሃቸር ፎቶ ነው። "እኔ ስወጣ ወንበሩ ያንተ ነው" ይለው ነበር በየዓመቱ። ቨርሊን በዚህች ቃል አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረ።

ከዚያ ራት በኋላ በመጣው የውድድር ዘመን አንድ ቀን እጁን አልዘረጋም። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል፣ ቡድኑ በስምንት ነጥብ ይመራል፣ ሃቸር አንዴ ተቀጥቷል። ደግሞ ተነሣ። ቨርሊን ውሃውን ጠጣ። ሃቸር እየተሳደበ ወደ መልበሻ ክፍል ሲሸኝ፣ ቨርሊን ቡድኑን ተረክቦ አከላከሉን ለወጠ፤ ሰባ አንድ ለስድሳ ስምንት አሸነፈ። ልጆቹ በትከሻቸው ተሸክመው አዞሩት። በማግስቱ መዝገቡ ላይ ድሉ ለሃቸር ተጻፈ። ሕግ ነው አሉ፤ ዋናው ቢባረርም ድሉ የዋናው ነው።

ዘንድሮ ሃቸር ጉልበቱ እምቢ ብሎት ጡረታ ወጣ። ቨርሊን ለወንበሩ አመለከተና ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሃቸርም እዚያው ተቀምጧል። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሩዊት፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሰው፣ ብዕሩን አነሣ።

"ሚስተር ክሩም፣ በዋና አሰልጣኝነት ስንት ጨዋታ አሸንፈዋል?"

"አንድ።"

ፕሩዊት ወረቀቱን ገለጠ። "እዚህ ግን ምንም የለም ነው የሚለው።"

ቨርሊን ወደ ሃቸር ዞረ። "ኮች፣ ያቺን ጨዋታ ንገራቸው እንጂ።"

ሃቸር ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "እኔ ባሰለጠንኳቸው ልጆች ነው እኮ ያሸነፍነው። ቨርሊን ያን ቀን ሰዓቱ እስኪያልቅ ነው የጠበቀው።"

ወንበሩ ለኪተን ራትሊፍ ተሰጠ። ቨርሊን ራሱ ከእናቱ ቤት ለምኖ ያመጣው፣ ግራ እጁን መጠቀም ያስተማረው የድሮ ተጫዋች ነው። ሁለት ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቡድን መርቷልና በመዝገብ ሠላሳ ድል አለው።

ሐሙስ ዕለት ለኪተን ሹመት በመጫወቻው አዳራሽ፣ ሜዳው ዳር ኬክ ተቆረሰ፣ ፎቶ ተነሡ። ቨርሊን የሄደው ቀረ እንዳይሉት ብሎ ነው። ኪተን ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረበውና ያለ እርስዎ አልችለውም፣ አይሂዱብኝ አለው። ቨርሊን ገና ሳይመልስ ሃቸር በዱላው እየተደገፈ ደረሰ።

"አታኩርፍ እንጂ በዚህ ዕድሜህ። ለቡድኑ የምንፈልገው የዚያ ረጅም ልጅ እናት ካንተ በቀር ለማንም በር አትከፍትም አሉ። ነገ ሂድና አስፈርመው።" ከዚያ ወደ ኪተን ዞሮ፣ "አይዞህ፣ ይቆይልሃል። ማን ሊወስደው?" አለ።

ቨርሊን የአሥራ አንድ ዓመት መልስ ነበረው። ሌሊት ሌሊት አልጋው ላይ ቃል በቃል ሲያስተካክለው የኖረ፣ ሃቸርን ከነኬኩ የሚደፋ መልስ። ጉሮሮው ድረስ መጣ። ሃቸር አፉን ከፈት አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ፣ ሊስቅበት እየጠበቀ ነው።

የመንገድ ጫማ አድርጎ ያን የተወለወለ ሜዳ መርገጥ ነውር ነው፤ ቨርሊን ስንቱን ተማሪ በዚህ ሲቆጣ ኖሯል። መልሱን ትቶ ሜዳውን መሃል ለመሃል እየረገጠ ወደ በሩ አመራ። ሃቸር ከኋላው ሁለቴ በስሙ ተጣራ፤ ቨርሊን በሩን ገፍቶ ወጣ።