መዋቅሩን የጠበቀ ጥሪ

ድሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ተራራው ላይ ሲዘንብ የላይኛው ተፋሰስ ጠባቂ አለምብርሃን ለሁዶ ይደውላል፤ ሁዶ ደቻቱ ወንዝ ዳር ካለችው ሱቋ ወጥታ ትጮሃለች፤ ደረቁ ወንዝ ውስጥ አሸዋ የሚጭነው ሁሉ እግሬ አውጪኝ ይላል። አለቀ! ዘንድሮ ግን ተፋሰሱ «ተዋቀረ»። ለላይኛው አንድ ኮሚቴ፣ ለታችኛው ሌላ ኮሚቴ፣ መሀል ላይ አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት። አለምብርሃን ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቃል፣ ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ለታችኛው ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሰብሳቢው የአሸዋ ጫኞቹ አለቃ ዐብዲወሊ ነው፣ የሁዶ ታናሽ ወንድም። እሷንማ ማን ይጠይቃት። አምና ሁለቴ ጮኻ ሰዉን ካስወጣች በኋላ ውሃው ሳይደርስ ቀርቶ፣ የአሸዋ መኪና ሾፌሮቹ ዐብዲወሊን መሳቂያ አድርገውታል። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበዋል።

የዛን ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ፣ አለምብርሃን ሁዶ ጋ ደወለ። ላይ ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ እንደዋለ፣ ወንዙ ድንጋይ እያንከባለለ ቁልቁል እንደወረደ፣ ጽሕፈት ቤቱ ጋ ደጋግሞ ቢደውል የሚያነሳ እንዳጣ ነገራት። ማን ያንሳ? በዚያ ሙቀት ድሬ ውስጥ ቢሮ ዝግ ነው፤ ሠራተኛው ወይ ተኝቷል ወይ በርጫ ላይ ነው። ዝናብ መዋቅር አያውቅም አቦ!

ሁዶ ለወንድሟ ስትደውል፣ ከጽሕፈት ቤቱ ምንም እንዳልሰማ፣ መኪናውም ሊሞላ ትንሽ እንደቀረው ነግሯት ዘጋው። ሱቋን ክፍት ትታ ወደ ወንዙ ሮጠች።

ከተማው ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የጠቆረው በተራራው በኩል ብቻ ነው። እርጥብ አፈር የሚሸት ነፋስ መጣ። ወንዙ ውስጥ የነበሩት ፍየሎች ማንም ሳይነዳቸው ከአሸዋው ወጡ። ሁዶ ከዳር ሆና ስትጮህ አንዳንዱ አካፋውን እየጣለ ወጣ፤ የቀረው ግን አለቃውን ያያል።

«ዐብዲወሊ፣ በእናታችን ይዤሃለሁ፣ ውጣ። መጣ እኮ።»

«አባዮ፣ እህቴ፣ ዘንድሮ መሳቂያ አታደርጊኝም። ጽሕፈት ቤቱ ይደውል፣ ያኔ እወጣለሁ።»

ወርዳ ልትጎትተው ስትል አንዱ ጫኝ ክንዷን አፈፍ አድርጎ ያዛት። ከኩርባው ማዶ ባዶ በርሜሎች የሚንከባለሉ የመሰለ ድምፅ ተነሳ። ዐብዲወሊ የመኪናው ሞተር መሰለው መሰለኝ፣ ዞርም አላለ።

ያኔ ስልኩ ጠራ። አየውና ፈገግ ብሎ ወደ እህቱ ከፍ አድርጎ አሳያት፤ ጽሕፈት ቤቱ ነው። ጆሮው ላይ ለጠፈው። ከኩርባው እየቀረበ የመጣው ጩኸት አላሰማው ሲል ሌላውን ጆሮውን በጣቱ ደፈነና ጎንበስ አለ።

«ጮክ በሉ፣» አለ፣ «አይሰማኝም።»