ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

መዝገቡ የሒሳብ አስተማሪ ነው። ሰው ስለ ኳስ ሲያወራ እሱ ስለ ብቸኛ ቁጥር እያወራ ካዛንችስ ያለውን ካፌ ሁሉ አሰልችቷል። ብቸኛ ቁጥር ከአንድና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የሌለው ነው። ትንንሾቹን ተማሪም ያውቃቸዋል፤ ግዙፎቹን ግን በየአገሩ ያሉ አፍቃሪዎች ተጠርጣሪ ቁጥሮችን እየተከፋፈሉ በኮምፒውተር ያድኗቸዋል። ለመዝገቡም አንድ ደርሶታል። እስከ ሰኔ መጨረሻ ውጤቱን ካልላከ ቁጥሩ ለሌላ ይሰጥበታል።

ኮምፒውተሩ ግን አስቸገረ። ጠዋት እየሠራ ትቶት ይወጣል፤ ሲመለስ ጠፍቶ ያገኘዋል። ዘመኑ 2001 ዓ.ም.፣ መብራት በፈረቃ ስለሆነ ጥፋቱን ሁሉ በመብራት ያላክካል።

አንድ ማክሰኞ ፈተና ፈትኖ ቀደም ብሎ ገባ። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ስመኝ ሳሎን ውስጥ ከማኅበርተኞቿ ጋር ተቀምጣለች። ኮምፒውተሩ ነጭ ዳንቴል ተከናንቧል፤ የአየር ማስወጫው ሳይቀር ተሸፍኗል። ቢነካው እንደ ካውያ ይፋጃል።

"እታለም፣ አንቺ ነሽ ለካ የምትገድይው!" ብሎ እንግዳ ፊት ጮኸባት።

"ራቁቱን ሰው ሲያየው አፍሬ ነው" አለች ስመኝ ድምጿ እየቀነሰ። "እንዳትቆጣ ብዬ ከመምጣትህ በፊት አነሳለት ነበር።"

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ።

በማግስቱ ሳሎኑ ባዶ መስሎ ጠበቀው። ከቴሌቪዥኑ፣ ከሬዲዮው፣ ከሶፋው ላይ ዳንቴል የተባለ ሁሉ ተነስቷል። ስመኝ ዓይኗ ደህና በነበረበት ዘመን አንድ በአንድ የሠራቻቸው ናቸው። መዝገቡ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም። ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እታለም፣ ይቅር በይኝ። ሰው ፊት አዋረድኩሽ።"

ስመኝ በአገጯ ኮምፒውተሩን እያመለከተች፣ "ቆይ ግን፣ ምንድነው የሚፈልገው?" አለች።

እስከዛሬ ለካፌው ሁሉ ሲያወራ ለእሷ ነግሯት አያውቅም። "ሰው አግኝቶት የማያውቅ ቁጥር።"

"ከዚህ ቤት?"

"ከዚህ ቤት።"

"በል እንግዲህ እየጮህክ አታስደንግጠው።"

ከዚያ ወዲያ ስመኝ ዘብ ሆነች። ጠዋት እንዳይግል መስኮቱን ትከፍትለታለች፤ መብራት ሲመለስ ሮጣ የምታስነሳው እሷ ናት። ኮምፒውተሩም ከቆመበት ይቀጥላል። ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ጨረሰ። ቁጥሩ ብቸኛ አልነበረም።

መዝገቡ ውጤቱን ከኢንተርኔት ቤት ላከና ወደ ቤቱ መግባት አቃተው። ቁጥሩ ባይሆንስ ባይሆን፤ ለእሷ መንገር ነው የከበደው። እስከ ዑራኤል ድረስ በእግሩ ሄዶ ተመለሰ።

"አልሆነም፣ እታለም" አላት ገና በር ላይ ቆሞ።

ስመኝ ከንፈሯን መጠጠች። "ሌላ የላቸውም?"

"ሞልቷል። ብቸኛ ቁጥር እኮ ማለቂያ የለውም።"

"ማለቂያ ከሌለውማ ምን ያስተክዝሃል? ስጡን በላቸዋ!"

መዝገቡ ሳቀ፤ ዓይኑም እንባ አቀረረ። ያን ቀን ዳንቴሎቹን ከሣጥን አውጥቶ በየቦታቸው የመለሰው እሱ ራሱ ነው። ኮምፒውተሩን ብቻ ሳያለብስ ተወው።

በሚቀጥለው ወር ማኅበርተኞቹ ሲመጡ አንዷ፣ ዘሪቱ፣ ብርድ ብርድ ብሏት መስኮቱን ልትዘጋ ተነሳች።

"ተይው፣ አትዝጊው" አለቻት ስመኝ ጋቢ እያቀበለቻት። "አዲስ ቁጥር ይዘናል።"