ብስክሌት ይዘው የመጡ ሽማግሌዎች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ የማይገኝ ነገር የለም ይባላል። ውሸት ነው፤ ሽማግሌ የለም። ሐበሻ በሚበዛበት ፌርፋክስ ላይ በርበሬው መጥቷል፣ ጠጁም መጥቷል። ሰዉ ግን ሁሉ ወጣት ነው፤ ታክሲ ይነዳል፣ ሳህን ያጥባል፣ አንድም ሽበት የለውም። ይህ ነገር ሌላውን ባያስጨንቅ ሠናይትን እንቅልፍ ነስቷታል።

አጎቷ ጋሼ ዓለምሰገድ «ሽማግሌ ካልተላከ ልጅ አልሰጥም» ብለዋል። እጮኛዋ አሥራት ቸግሮት ራሱ ቢመጣ፣ ማንም እንደሌለው ሰው ለራሱ ይለምናል እንዴ ብለው ሸኙት። ልጁ ቅስሙ ተሰበረና ሲያትል ሥራ አገኘሁ አለ፤ በወሩ መጨረሻ ይሄዳል። ሠናይት ወይ ከአጎቷ ተጣልታ ትከተለዋለች፣ ወይ ትቀራለች። ጋሼ ደግሞ ከሱዳን የስደተኞች ካምፕ አውጥተው ያመጧት፣ በአባት ቦታ ያሉ ሰው ናቸው። እሳቸውን አስቀይማ መሄድ አይሆንላትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ሠናይት ብትከፍት ነጭ ሸሚዝና ከረባት ያደረጉ ሁለት ፈረንጆች ቆመዋል፤ ብስክሌቶቻቸው አጥሩ ላይ ተደግፈዋል። አንዱ ግንባሩ ብጉር ብቻ ነው፣ ሌላውን ፀሐይ አንገቱን አቅልታዋለች። ሃያ ዓመት የሞላቸው አይመስሉም።

ብጉራሙ እጁን ዘርግቶ «ኤልደር ዊትሎክ እባላለሁ። እሱ ኤልደር ጄንሰን ነው» አለ።

ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካ ሃይማኖት ሰባኪዎች ናቸው። ሳንታ ሞኒካ ቡለቫርድ ላይ የወርቅ መልአክ መለከት የሚነፋበት ትልቁ ቤተ መቅደስ የእነሱ ነው። ጋሼ በዚያ በአውቶቡስ ባለፉ ቁጥር ቅዱስ ገብርኤል ነው ብለው ያማትባሉ፤ ሠናይትም ደስታቸውን ላለማበላሸት ዝም ትላለች።

«ማነው እሱ?» አሉ ጋሼ ከውስጥ።

ኤልደር ለሰባኪዎቹ የማዕረግ ስም መሆኑን ሠናይት አሳምራ ታውቃለች። ግን የማታ ትምህርት ቤት ያስተማራት ኤልደር ማለት ሽማግሌ ነው ብሎ ነው። እሷ ምን አጠፋች?

«ሽማግሌዎች ናቸው፣ ጋሼ» አለች።

ጋሼ ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ወጡ። የልጁን ብጉር ረጋ ብለው አዩ። «ሽማግሌ ሦስት ነው፤ ሦስተኛው የታለ?» አሉ። ሠናይት ጠየቀችላቸው። ዊትሎክም ሁልጊዜ ሁለት ሁለት እየሆኑ እንደሚሄዱና ጌታ ግን አብሯቸው እንደሆነ ነገራት።

«እንግዲያማ ሞልተዋል። ይግቡ» አሉ ጋሼ።

ቡና ይፍላ ሲባል አንጠጣም አሉ። ሻይስ? ሻይም አንጠጣም። ጠጅ ሲባል ጄንሰን ከአንገቱ አልፎ ጆሮው ድረስ ቀላ። ጋሼ ራሳቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይመለስለት እህል ውሃ አይቀምስም፤ ወጉ ይኸው ነው።

ለምን እንደመጡ ሲጠየቁ ዊትሎክ ቤተሰብ ለዘላለም እንዴት እንደሚተሳሰር ለመንገር ነው አለ። «ስለ ቤተሰብ መተሳሰር ነው» ብላ ተረጎመች። እስካሁን አንዲት ውሸት አልወጣትም፤ የዘለለችው ነገር ነው የበዛው።

ልጁ ቀጥሎ የጋሼን አያት ስም ጠየቀ። የዘር ሐረግ መቁጠር በሃይማኖታቸው ትልቅ ነገር ነው አለ። ጋሼ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቀው አያውቁም፤ ፊታቸው በርቶ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩለት። ከዚያ ተራው ያንተ ነው አሉት። ዊትሎክም ሳይደናቀፍ ቆጠረ። ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ከሞርሞን ጦር ጋር ካሊፎርኒያ ድረስ በእግሩ መጥቶ፣ በኋላም የሳንበርናርዲኖን ከተማ ካቀኑት ሰዎች ጋር ቤት ሠርቶ፣ እርሻ አውጥቶ ነበር። ጥቂት ዓመት እንደኖረ ግን የሃይማኖቱ መሪ የሞርሞኖች ማዕከል ወደሆነችው ዩታ ተመለሱ ቢል ሁሉን ትቶ ተነሣ።

«ቤቱን እንዳለ ጥሎ?» አሉ ጋሼ።

«እንዳለ ጥሎ» አለች ሠናይት።

ጋሼም አገር ቤት ያለ ቤታቸውን እንዲሁ ጥለው ነው የተሰደዱት። ብድግ ብለው «ጨዋ ዘር ነው። ልጄን ለአሥራት ሰጥቻለሁ» አሉ። ሠናይት ለልጆቹ በመምጣታችሁ በጣም ደስ ብሏቸዋል ስትል ተረጎመች።

ጋሼ ወዲያው ጠጁን ቀዱ። ልጆቹ እንደገና አንጠጣም አሉ።

ጉድ ፈላ። የለመነውን ያገኘ ሽማግሌ አልቀምስም ካለ ነውር ነው፤ ነገሩን አፍርሻለሁ ማለት ነው። ብርጭቆዎቹ ጠረጴዛው ላይ እንደተሞሉ ቀሩ። ሠናይት ሁሉንም ለመናዘዝ «ጋሼ፣ እነዚህ ልጆች እኮ…» ብላ ጀመረች።

ጋሼ አልሰሟትም። ወደ ኩሽና ገቡ፣ የፍሪጁ በር ተከፍቶ ተዘጋ፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት ይዘው ተመለሱ። ልጆቹ እያመሰገኑ አንስተው ጠጡ።

«ሚራክል ማይል ሰፈር የምሠራበት ፓርኪንግ ደጃፍ ላይ ስንቱን ኤልደር አይቻለሁ» አሉ ጋሼ። «ሃይማኖታቸው ከልክሏቸው ቡናም ሻይም አይነኩም።»

«ያውቁ ነበር?» አለች ሠናይት።

«እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ሽማግሌ በሌለበት አገር ሽማግሌ አምጡ አልኩ። ከዚያ ቃሌን ለማጠፍ አፈርኩ። አንቺ ስታለቅሺ ግድግዳው ስስ ነው፣ እሰማሻለሁ። ታዲያ ደጄ ድረስ መጥቶ ሽማግሌ ነኝ ያለኝን ልመልሰው?»

ሠናይት እጃቸውን ይዛ እንባዋን ለቀቀችው። ዊትሎክ ወተቱ ከንፈሩ ላይ እንደቀረ፣ ሰውየው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣ እንደሆነ ጠየቃት። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትዘልል ተረጎመች፤ ለልጆቹም እስካሁን የዘለለችውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ሃይማኖቴን አልለውጥም በያቸው» አሉ ጋሼ። «እነሱ ግን ሰርጉ ላይ ከፊት ይቀመጣሉ። አሥራትም ሲያትል አይሄድም። ባልና ሚስቱ በተጣሉ ቁጥርም የምጠራው እነሱን ነው፤ ሽማግሌ ሥራው ይኸው ነው።»

ልጆቹ ተያዩ። ዊትሎክ በጣም ተጨንቆ፣ የተላኩት ለሁለት ዓመት ብቻ እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው እንደሚመለሱ አስረዳ።

«ይበቃል» አሉ ጋሼ። «በትዳር ከባዱ የመጀመሪያው ሁለት ዓመት ነው።»