ካርዱና አውራ ጣቱ

ጋሽ ሊፍት ጡረታ የወጣ ሊፍት ጠጋኝ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ሌላ ስም ነበረው፤ ግን ዕድሜውን ሙሉ በየፎቁ ሲወጣና ሲወርድ ኖሮ ያንን ስም የሚያስታውስ ሰው ጠፋ። ሚስቱ ብቻ «አንተ» ትለዋለች። እሱም ከስሞቹ ሁሉ ፈጥኖ የሚዞረው ለዚህኛው ነው።

ቤት መዋል ሲጀምር አንድ ነገር ገባው፤ ቤቱ ያለ እሱ መኖር ለምዷል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሳሎኑን የሥራ ቦታ ካደረገችው ቆይታለች፤ ደንበኛ ይገባል፣ ደንበኛ ይወጣል፣ የስፌት መኪናዋ ከጠዋት እስከ ማታ አፏን አትዘጋም። እሱ በተቀመጠበት ሁሉ ጨርቅ አለ። «እስቲ ተነሣ፣ ኮሌታ ላይ ነህ» ትለዋለች። ወደ ሌላው ወንበር ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ኪስ ላይ ይቀመጣል። የሊፍት በር ተዘግቶባቸው ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች እንደ መድኃኒት ሲጠብቁት የኖረ ሰው፣ አሁን የትም ቢገባ «እዚህ ጋ አይሆንም» የሚባል ሆነ። ይህም ከሆዱ አልወጣለትም።

በቤቱ ውስጥ የእሱ የሚባል አንድ ጥግ አለ። ጥጉ ላይ የድሮ የቤት ኮምፒውተር ተቀምጧል፤ ኪቦርዱና ሆዱ አንድ ላይ የተሠራ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚሰካ፣ በጉብዝናው ዘመን ስክሪን ላይ ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲያጋጭ የዋለ ዕቃ። ዛሬ የሚሠራው የለም። ጋሽ ሊፍት ግን አቧራውን ጠርጎ ይከፍተዋል፤ ኮምፒውተሩም ስክሪኑ ላይ «ዝግጁ ነኝ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ እንዲህ ዝግጁ ሆነው ትንሽ ይቀመጡና ያጠፋዋል።

አንድ ቀን የሚስቱ ታናሽ ወንድም መጣ። ኮምፒውተር ሻጭ ነው፤ አዲስ ያልሆነ ነገር ሲያይ ጥርሱን የሚያመው ዓይነት ሰው። እህቱ ወለል ላይ ተንበርክካ የጃኬት ቅድ በእርሳስ ስትሥል ደረሰና፣ በዚህ ዘመን በጉልበት መሄድ ምን የሚሉት ነው ብሎ ተቆጣ። ቅዳሜ ላፕቶፕ አመጣልሻለሁ፣ ቅዱን ራሱ ያወጣልሻል አለ። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞሮ፣ ይሄ ቅርስ ከተነሣ ደግሞ የካውያ ጠረጴዛ ያስገባል ሲል ጨመረ።

እህቱ ተነሥታ ጥጉን በሜትር ለካችው። ልብስ ሰፊ ከለካች ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ የቀረው መቀስ ነው። ጋሽ ሊፍት ይህን ሲያይ ልቡ ስንጥቅ አለ። ዛሬ ኮምፒውተሩ ከጥግ ከተነሣ ነገ ማን እንደሚነሣ መገመት አላቃተውም። እናም ሳያስበው፣ የፋብሪካውን ፕሮግራም በዚሁ ኮምፒውተር አሠራልሻለሁ ብሎ ቁጭ።

የፋብሪካው ፕሮግራም የሚስቱ የልብ ነገር ነው። ወጣት ሳለች በሠራችበት የልብስ ፋብሪካ ቅድ የምታወጣበት ፕሮግራም ነበር፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ሌላው ሠራተኛ ወንበርና መብራት ሲሻማ፣ እሷ ፕሮግራሙ ያለባቸውን፣ ማንም ያልፈለጋቸውን ፍሎፒ ዲስኮች በቦርሳዋ ይዛ ወጣች። እነሆ እስከ ዛሬ በክር ቆርቆሮ ውስጥ አሉ። ችግሩ፣ ፕሮግራሙ የተሠራው ፒሲ ለሚባለው የቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ የጋሽ ሊፍት ኮምፒውተር ደግሞ ፒሲ ሆኖ አያውቅም፤ ሊሆንም አስቦ አያውቅም።

«እስከ ቅዳሜ ካሠራኸው ጥጉ ያንተ ነው» አለችው።

ጋሽ ሊፍት የሚያውቀው ነገር ነበር። የቤት ኮምፒውተርን ፒሲ የሚያደርግ ካርድ በዚያ ዘመን ይሸጥ እንደነበርና፣ አንዱ የድሮ ባልደረባው ጋ ሳይከፈት እንደተቀመጠ ያውቃል። በማግስቱ ሄዶ አመጣው። ሚስቱ ካርድ ሲባል ኪስ የሚገባ ነገር ጠብቃ ነበር፤ እሱ በትከሻው ተሸክሞ ገባ። ካርድ የተባለው የብረት ሣጥን ነው። የራሱ ማራገቢያ አለው፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ አለው፣ ፍሎፒ የሚጎርስበት የራሱ አፍ አለው። ከኮምፒውተሩ ጎን ሲሰካ ጠረጴዛው አልበቃውም። ጠረጴዛው ወደ ግራ ተገፋ፤ ቁም ሣጥኑ ወደ መኝታ ቤት ተሰደደ። በመጨረሻ የካርዱ ጫፍ የመኝታ ቤቱን ደፍ ተሻግሮ ተቀመጠና በሩ መዘጋት አቆመ። ኮምፒውተሩ ከካርዱ ጎን አንገቱን ደፍቶ ሲታይ፣ ማን ለማን እንደተገዛ ለመለየት ያስቸግር ነበር።

አልሠራም። ጋሽ ሊፍት ገመድ ነቀለ፣ ሰካ፣ ነፋበት፣ ለመነው፣ ሰደበው። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ያበቃል። አርብ ከሰዓት ላይ ተስፋው ተሟጦ ወደ ድሮ ሙያው ተመለሰ።

በጋሽ ሊፍት ሙያ አውራ ጣት የሥራ ዕቃ ነው። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት ከላይኛው ፎቅ ሊፍት ውስጥ ቀርታ፣ እሱ ኮንታክት የምትባል ያረጀች የኤሌክትሪክ ማገናኛ በአውራ ጣቱ ደግፎ ምድር ቤት አድርሷታል። ከዚያ ወዲህ ማሽን የሰው እጅ ሲሰማው ያፍራል የሚል እምነት አለው፤ ብዙ ሰው ከዚህ በደከመ ነገር ሲያምን ስላየሁ እኔ በዚህ አልፈርድበትም። የካርዱን ክዳን ከፍቶ አረንጓዴውን ሰሌዳ በዓይኑ ፈተሸ፤ አንዲት ትንሽ ጥቁር ነገር መረጠና አውራ ጣቱን አሳረፈባት።

ካርዱ ነፍስ ዘራ።

ሚስቱ የያዘችውን ጨርቅ ጥላ መጣችና ፍሎፒውን አጎረሰችው። ያው የድሮው ገጽ፣ ያው የደበዘዘ የፋብሪካው ምልክት። ቴሌቪዥኑ ጠባብ ስለነበረ ገጹን በግማሽ ነው የሚያሳየው፤ የጃኬቱን ግራ አይተው ሲጨርሱ ቁልፍ ተጭነው ቀኙን ማየት ነው። እሷ ግን ማየትም አላስፈለጋት፤ ጣቶቿ ራሳቸው ቁልፎቹን ያውቋቸዋል። ዓይኗ እንባ አቀረረ። ጋሽ ሊፍት በደስታ ሊያጨበጭብ እጁን ድንገት ቢነጥቅ፣ ስክሪኑ ድርቅ አለ። አውራ ጣቱን መለሰና እንደገና አስነሣው፤ ሠራ። ከዚያ በኋላ ማን ደፍሮ ያንሣው።

ቅዳሜ የሚስቱ ወንድም ላፕቶፑን ታቅፎ ሲገባ፣ እህቱ ኪቦርዱ ላይ ስታዝዝ፣ ከካርዱ ጋር የመጣው ፕሪንተር የእጅጌ ቅድ ሲያትም፣ ጋሽ ሊፍት ካርዱ ላይ አውራ ጣቱን አሳርፎ ክብር ዘብ ሆኖ አገኛቸው። ካርዱን ዞሮ ዞሮ አየውና ሳቁ መጣ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ካርድ አይደለም፣ ራሱን የቻለ ፒሲ ነው። ያንተው ኮምፒውተር ኪቦርድና ስክሪን ከማዋስ በቀር የሚሠራው የለም።»

«ካርዱ ያለ ኮምፒውተሬ ይነሣል?»

«አይነሣም፤ ግን...»

«በቃ።»

ልጁ ተስፋ አልቆረጠም። ጣቱንስ ቢሆን በልብስ መቆንጠጫ መተካት ይቻላል አለ። ጋሽ ሊፍት ሽንጡን ገትሮ ተከራከረ፤ መቆንጠጫ ካርዱ ሲሞቅ አያውቅም፣ መቆንጠጫ አይደነግጥም፣ ሰው ያለበትን ነገር ለመቆንጠጫ ጥሎ የሚሄድ ባለሙያ የለም። የሚስቱ ወንድም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብሎ አጉረመረመና እህቱን እንድትፈርድ ጠየቃት። እሷ ከስክሪኑ ዓይኗን ሳታነሣ ላፕቶፑን መልሰው አለችው። ጥጉ ዳነ።

ነገር ግን ሰው ነውና ምሳ ይበላል፣ ሽንት ቤት ይሄዳል። ምሳውን በግራ እጁ መብላት ለመደ። ሽንት ቤት ሲሄድ ሚስቱን ይጠራና፣ ጣቷን ከጣቱ ሥር አሾልኮ ቦታውን ያስረክባታል፤ ወጥቶም በሩ ላይ ሆኖ «ይዘሻል?» ሳይል አያልፍም። ሥራ ሲበዛ ይሄ አላዋጣም። ለልክ የመጣ ደንበኛ ካርዱን በተራ መያዝ ጀመረ።

እዚህ ላይ ጋሽ ሊፍት ጋሽ ሊፍት ሆነ። የመጣውን ሰው አውራ ጣት በአልኮል ያጸዳል፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ ይመረምራል። ቅባት የነካ ጣት አይቀበልም። አንድ የቢሮ ኃላፊ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ ጣቱ ተመርምሮ ወደቀ፤ ይሄ ማኅተም እንጂ ሥራ አያውቅም ተባለ። ሰውዬው ተቀይሞ ሄደ፤ ግን በሌላው ቀን ጥፍሩን ተከርክሞ ተመለሰ። ቬሎ የምታሰፋ የአንዲት ሙሽራ አባት ጣቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ተመሰገነና፣ ቬሎው አልቆ ልጁ ከተዳረች በኋላም መምጣቱን አልተወም። የሚሰፋ ነገር የሌለው ጎረቤት ሁሉ «እስቲ ዛሬ ይሞክሩኝ» እያለ ደጅ ይጠና ጀመር። በመጨረሻ የሚስቱ ወንድም ራሱ ተጠምዶ ዋለ። ሱሪ ሊወስድ መጥቶ ለአንድ አፍታ ያዝልኝ ቢባል ያዘ፤ ጋሽ ሊፍት ገበያ ሄዶ ቆየ። ሲመለስ ልጁ ትከሻው ዝሎ፣ ፊቱ ወይቦ፣ አውራ ጣቱ ግን ከቦታው ንቅንቅ ሳይል ጠበቀው። በነገሩ እንደማያምን እየተናገረ ነበር፤ ቢሆንም አላነሣም።

ጋሽ ሊፍት በእነዚያ ቀኖች ወጣት ሆነ። ጠዋት ጢሙን ተላጭቶ፣ የድሮ የሥራ ቱታውን ለብሶ ይቀመጣል። ሚስቱ «ያዝክ?» ትለዋለች፤ «ይዣለሁ» ይላል፤ ሥራ ይጀመራል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ደንበኛ አልነበረም። ማራገቢያው ያንጎራጉራል፣ ከመስኮቱ ሞቅ ያለ ፀሐይ ገብቷል። እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። ሲነቃ መጀመሪያ የሰማው የፕሪንተሩን ድምፅ ነው። ቀጥሎ እጁን አየ። እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። አውራ ጣቱ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ ካርዱን ከለቀቀ ቆይቷል። ፕሮግራሙ ግን ይሠራል፤ እጅጌው ተሟልቶ ወጥቶ ኮሌታው ግማሽ ላይ ደርሷል።

ክው አለ። ያቺ የመረጣት ጥቁር ነገር ብቻዋን፣ ማንም ሳይደርስባት ተቀምጣለች። ከእሱም ከሙሽራዋም አባት ምንም ፈልጋ አታውቅም። ያ ሁሉ አልኮል፣ ያ ሁሉ ምርመራ፣ ያ ሁሉ በግራ እጅ የተበላ ምሳ። አፈረ፤ ከማፈሩም ይልቅ ፈራ። ካርዱ እሱን ካልፈለገ እንደገና ኮሌታ ላይ ሊቀመጥ ነው። ዝም ብሎ ጣቱን ልመልስ አለና ሊያነሣው ሲል እጁ ከበደው።

ሚስቱ ጀርባዋን ሰጥታ ታዝዛለች።

«አንቺ» አለ።

«አይቻለሁ» አለች፣ ዞር ሳትል።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ያን ቅዳሜ ከሰዓት። ሽንት ቤት ገብተህ ስትዘገይብኝ ጣቴን አንሥቼ መቀስ ላመጣ ተነሣሁ፤ ካርዱ ግን መሥራቱን አላቆመም። መጀመሪያ ቀን የቆመው አንተ ስለነቀነቅከው ነው።»

«ከዚያ ወዲህ ታዲያ ያዢልኝ ስልሽ?»

«ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ አርፋለሁ። ሌላ ጊዜ መች ዕረፍት አለኝ?»

«ሰው ሁሉ ሲሰለፍ እያየሽ? ወንድምሽን እንኳ?»

«እሱ ይበለው።»

ጋሽ ሊፍት መሳቅም ማልቀስም አማረው። ጉልበቱ ላይ ያለውን እጁን እያየ፣ ለምን እንዳልነገረችው ጠየቃት። በዚህ ጊዜ ሚስቱ ማዘዟን አቆመችና ወደ እሱ ዞረች።

«በሥራ ዘመንህ የሰው ሊፍት በቆመ ቁጥር ተነሥተህ ትሄዳለህ። ጡረታ ስትወጣ ደግሞ ተቆጥቼ አስነሣሃለሁ፤ ጨርቁ አናዶኝ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ይሄ ካርድ ከገባ ወዲህ ግን ዞር ስል አለህ። ይኸው ነው። እንዳትነሣብኝ ብዬ ነው።»

ይህን ብላ ወደ ኪቦርዱ ተመለሰች።

በሩ ተንኳኳና የሙሽራዋ አባት አንገቱን አስገባ። አውራ ጣቱን ከቤቱ አጽድቶ፣ ምንም እንዳይነካው ወደ ላይ ቀስሮ ነበር የመጣው። ተራው ደርሶ እንደሆነ ጠየቀ። ጋሽ ሊፍት ሚስቱን አየ፤ ካርዱን አየ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ አውራ ጣቱን በጥቁሯ ነገር ላይ አሳረፈ።

«ዛሬ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ነገ ይምጡ» አለው።

ሰውዬው ቅር እያለው ሄደ። ሚስቱ «ያዝክ?» አለች። «ይዣለሁ» አለና ወንበሩን፣ ክንዱ ከካርዱ የሚደርስለትን ያህል፣ ወደ እሷ አስጠጋ።