ፕላስቲኩ ያልተቀደደ ወንበር

አለቃችንን «ቶሎ ቶሎ» ነው የምንለው። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ጠዋት በር ላይ «ቶሎ ቶሎ!»፣ ምሳ ላይ «ቶሎ ቶሎ!»፣ ሽንት ቤት ደጃፍ ቆሞም «ቶሎ ቶሎ!» «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ» ይባላል። ተረቱን ብንነግረው ግን እሱንም ቶሎ ጨርሱልኝ ይለናል።

እኔ የልብስ ፋብሪካ የካውያ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሸሚዝ ስተኩስ ኖሬአለሁ፣ ያውም ቆሜ። ክፍላችን ውስጥ አሥራ ስምንት ጠረጴዛ፣ አሥራ ስምንት ካውያና አሥራ ስምንት ሴት አለ። ወንበር የሚባል ነገር የለም። ቶሎ ቶሎ «የተቀመጠ ይተኛል» ብሎ ያምናል። ይህን የሚያምነው መስታወት ቤቱ ውስጥ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እውነቱንም ነው፤ ከምሳ በኋላ ሲያንኮራፋ ሁላችንም አይተነዋል።

ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ የታናሽ እህቴ ነው። እናታችን ስትሞት የሰጠችኝ አደራ እሷ ናት። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያው ጽንስ በአምስት ወሩ ነው የወረደባት፣ እዚሁ ጠረጴዛ አጠገብ እንደቆመች። ስለዚህ ሐኪሟ በዚህኛው አልቀለደም፤ «በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ትቀመጥ» ብሎ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ ሰጣት።

ቶሎ ቶሎ ወረቀቱን ቆሞ አነበበና መለሰላት።

«ወንበር የት አለና ነው የምትቀመጪው? መቆም ካቃተሽ እቤትሽ ሄደሽ ተኚ። ቦታሽን የሚፈልግ ሞልቷል» አላት።

ባሏ ሥራ ከፈታ መንፈቅ አልፎታል፤ እሷም ተባረረች ማለት ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና ካውያዋን አነሳች። እኔም ሸሚዜን መተኮስ ቀጠልኩ። በዚያ ዝምታዬ እስካሁን አፍራለሁ።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «በሥራ ላይ ድካምን ስለመቋቋም ሥልጠና ይሰጣል። በምሳ ሰዓት። መቅረት ያስቀጣል።» እንግዲህ ስለ ዕረፍት ሊያስተምሩን ያለችንን የግማሽ ሰዓት ዕረፍት ወሰዱብን። ጉድ እኮ ነው!

በዚያ ቀን ስድስት ወንበር በመኪና መጣ፤ አዲስ፣ ፕላስቲኩ ገና ያልተቀደደ። አሰልጣኟ ድምፅዋ ለስላሳ የሆነ ልጅ ናት፤ በእሷ አልፈርድም። ውኃ ጠጡ፣ በረጅሙ ተንፍሱ፣ አንገታችሁን እንዲህ አዙሩ፣ በየሰዓቱ ትንሽ አረፍ በሉ አለችን። ወንበሮቹ ግድግዳ ስር ተደርድረው፣ እኛ አሥራ ስምንታችን ቆመን ሰማናት። ምሳችን በየዕቃው ቀዘቀዘ።

መጨረሻ ላይ ፎቶ አንሺ ገባ። ቶሎ ቶሎ ስድስት ሴት መረጠና እህቴን ከፊት፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ አስቀመጣት።

«ሆድሽ ይታይ! ፈገግ በይ! ፕላስቲኩን ግን እንዳትቀዱት!»

ፈገግ አለች። ስትቀመጥ «እፎይ» ያለችው ግን ለፎቶው አልነበረም፤ አጠገቧ ሆኜ ሰምቻታለሁ። ፎቶው እንዳለቀ ወንበሮቹ ተነሡ። እነሱ መጋዘን ገብተው አረፉ፣ እኛ ወደ ካውያችን ተመለስን።

ፎቶው ትልቅ ሆኖ ታትሞ መግቢያው ላይ ተሰቀለ። ከሥሩ «ሠራተኞቻችን አርፈው ይሠራሉ» ይላል። እህቴ በየማለዳው ተቀምጣ የምትስቀውን ራሷን እያየች፣ ቀኑን ሙሉ ልትቆም ትገባለች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጉልበቷ ከዳት። ጠረጴዛውን እይዛለሁ ብላ ስትንገዳገድ ግራ እጇ የጋለው ካውያ ላይ አረፈ። ጩኸቷ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። መዳፏን ውኃ አፍስሼበት በእርጥብ ጨርቅ ስጠቀልል ቶሎ ቶሎ እየሮጠ መጣ።

«ተቃጥሏል?» አለ።

እጇን የጠየቀ መስሎኝ ልመልስለት ስል፣ ሸሚዙን አንስቶ አገላበጠ። ከዚያ «በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ነው። ሥልጠና ወስዳለች» ብሎ ወደ መስታወት ቤቱ ዞረ።

ካውያዬን ነቀልኩ። ወደ መግቢያው ሄጄ ፎቶውን ከሰሌዳው አወረድኩትና ቀጥ ብዬ ወደ መጋዘን ሄድኩ። ጠባቂው ሽማግሌ ከበሩ ላይ ተነሡ።

«የአለቃ ፈቃድ አለሽ?»

«ይኸው» ብዬ ፎቶውን ሰጠኋቸው።

ፎቶውን አዩት፣ እኔን አዩኝ። «እኔ አላየሁሽም፣ ልጄ» አሉና ፎቶውን መልሰውልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

አንዱን ወንበር ተሸክሜ መጥቼ እህቴ ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጥኩት።

«ተቀመጪ።»

«እትዬ፣ በናትሽ ተይኝ። ያባርሩኛል።»

ከጋለ ካውያ ይልቅ ወንበር እንድትፈራ አድርገዋታል!

ቶሎ ቶሎ ደረሰ። «አንሺው! ማን ፈቀደልሽ?»

አሥራ አንድ ዓመት «እርስዎ» ያልኩትን ሰው ያን ቀን «አንተ» አልኩት። ፎቶውን ፊቱ ላይ ዘርግቼ «አንድ ነገር መልስልኝ» አልኩት። «ይህች ሴት ተቀምጣለች ወይስ አልተቀመጠችም? ተቀምጣለች ካልክ ተዋት ትቀመጥ። አልተቀመጠችም ካልክ ዋሽተናል በል፣ ሁሉም ይስማህ!»

ካውያዎቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አሥራ ስድስት ሴት ሥራዋን ትታ ታየው ነበር። የሚያስቸኩለን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ዘገየ።

«ለዛሬ ብቻ» አለ በመጨረሻ።

እህቴ በደህናው እጇ ሆዷን ደግፋ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔ ጎንበስ ብዬ ፕላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ቀደድኩት፤ ተመልሶ የፎቶ ዕቃ እንዳይሆን። ፎቶውንም ከራሷ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ከዚያ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

«ለዛሬ ብቻ» ካለ ሦስት ሳምንት ሆነው። ወንበሩም አለ፣ እሷም አለች፣ ሕፃኑም ይራገጣል። እኔ ግን አሁንም ቆሜ ነው የምተኩሰው፤ ማታ ማታ እግሬ ጫማ አልገባ እስኪል ያብጣል። አምስቱ ወንበሮች እንደተጀቦኑ መጋዘን ውስጥ ናቸው።

ትናንት ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡት እናት ካውያቸውን አስቀምጠው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«እኚያ የመጋዘኑ ሽማግሌ በስንት ሰዓት ነው ፊታቸውን የሚያዞሩት?»

«ሰዓት የላቸውም» አልኳቸው። «ፎቶውን ይዘው ይሂዱ።»