ከጥር የተቆጠረው ልጅ

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ወር የሚቆጥሩት በታቦት ነው። ልጃቸው ለገሠ ሮማነወርቅን ያገባው በሃምሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በአስተርዮ ማርያም ማግስት፣ ጥር ላይ ነበር። እሳቸው ጅጅጋ ሴት ልጃቸው ዘንድ ሳሉ "ወንድ ተገላገለች" የሚል መልእክት ሲደርሳቸው ደግሞ ወሩ ነሐሴ ነው። እልል አሉ። ወዲያው እልልታውን ከመሃል ቆረጡት። በየትኛው ታቦት ቢቆጥሩት ከሰባት ወር አልዘልም አላቸው።

ሐረር፣ ፈላና በር ያለው ቤታቸው የገቡት ኅዳር ላይ ነው። ሕፃኑ ሳህሉ ሦስት ወር አልፎት ጉንጩ ሞልቷል።

"ያለ ጊዜው የመጣው ይሄ ነው?" አሉ ገለጥ አድርገው።

"ሲወለድ ቢያዩት እኮ እማማ፣ መዳፌን አይሞላም ነበር" አለች ሮማነወርቅ።

"ወላሂ!" አለች ዘምዘም። ዘምዘም የግድግዳ ጎረቤታቸው ናት፤ እሷም በዚያው ሳምንት ከድርን ወልዳለች። "በጥጥ ጠቅልለን፣ በግራ በቀኙ የሞቀ ውሃ በጠርሙስ አስተኝተንለት ነው አላህ ያተረፈው። ጡት መሳብ ሲያቅተው ከእኔም ከእሷም እያለብን በማንኪያ ነበር።"

ወይዘሮ ወለተሥላሴ ሕፃኑን መልሰው ሸፈኑት። ለማርያም ማኅበር ጓደኞቻቸው ግን "ሙሽራችን ወደ ሠርጓ ብቻዋን አልመጣችም" ብለው ሹክ አሉ፤ ሴቶቹም ጠላቸው ትን እስኪላቸው ሳቁ።

ሰባት የወለዱ ሴት ናቸውና ፈተናውን ራሳቸው አወጡ። ሰው ይዋሻል፣ የልጅ ወገብ አይዋሽም። ቀኑን ሞልቶ የተወለደ ልጅ በስድስት ወሩ ይቀመጣል። ሳህሉ ከከድር እኩል ከተቀመጠ የዘጠኝ ወር ልጅ ነው፤ የለገሠም አይደለም። ያን ቀን ለለገሠ ይነግሩታል፤ ሮማነወርቅም ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች። ይህንንም ደብቀው አልያዙት፤ ለምራታቸው ፊት ለፊት ነገሯት። እሷም "እሺ እማማ" ብላ ልጇን ታቀፈች።

ክፋቱ፣ ፈታኟ ተፈታኙን ወደዱት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥተው ወገቡን በቅቤ የሚያሹት እሳቸው፣ "ቀና በል የኔ ጌታ" የሚሉትም እሳቸው ሆኑ። ዘምዘም በአጥር አሻግራ እያየች "እማማ፣ ዳኛዋ ተከሳሹን ያሰለጥናሉ እንዴ?" ትላቸዋለች።

የካቲት አለቀ። ግቢው ውስጥ ጋቢ ተነጥፎ ሁለቱ ሕፃናት ጎን ለጎን ተደረጉ። ከድር እንደ ባላባት ተኮፍሶ ተቀመጠ። ሳህሉ እንደ እርጥብ ነጠላ ተጣጥፎ አፍንጫው ጋቢው ላይ አረፈ። እንደገና አስቀመጡት፤ እንደገና ተጣጠፈ።

"እንግዲህ የሰባት ወር ነው፤ እልል አይሉም?" አለች ዘምዘም።

"ዝም በይ! ልምሾ ነው! ልጄን ልምሾ መቶብኛል!" ብለው አፈፍ አደረጉት።

በማግስቱ ከምራታቸው ጋር ወደ ጤና ጣቢያው ድሬሰር ወደ አቶ ታደሰ ወሰዱት። ድሬሰሩ ልጁን ዳበሰው፣ በእጆቹ ይዞ ጎተት አደረገው፣ ቁልፍ አንቃጨለለት።

"ስንት ወሩ ነው?"

"ስድስት ሞላው።"

"ቀኑን ጨርሶ ነው የተወለደው?"

አማትና ምራት ተያዩ። ድሬሰሩ ቀና ብሎ ሁለቱንም አያቸው። "ያለ ጊዜው ከሆነ ከተወለደበት አንቆጥርም፤ መወለድ ከነበረበት ቀን ነው። ጨርሶ ተወልዶ እንዲህ ከላላ ግን ያሳስበኛል። ከመቼ ልቁጠር?"

ሮማነወርቅ "እማማ ይንገሩዎት" አለች። የእሷን ቃል የሚያምን እንደሌለ ካወቀች ቆይታለች።

ሳህሉ የአያቱን ነጠላ ጨብጦ ይጎትታል። ወይዘሮ ወለተሥላሴ እንደ ወሬያቸው ቢቆጥሩ ልጁ በሽተኛ ነው። ልጁ ደህና እንዲሆን ከፈለጉ ወሬያቸው ውሸት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልተቻለም።

"ከጥር" አሉ። "ከአስተርዮ ማርያም ማግስት። ከዚያ በፊት ምንም የለም።"

ድሬሰሩ ወረቀት ላይ ጫረ። "እንግዲያው ዘጠኝ ወሩ የሚሞላው ጥቅምት ላይ ነበር፤ ገና አራት ወሩ ነው፤ ለአራት ወር ምንም አይልም። እስከ ግንቦት ልደታ ታገሡ፤ ያኔም ካልተቀመጠ መልሳችሁ አምጡት።"

የግንቦትን ልደታ ግን አልጠበቁም። በመጋቢት ማርያም፣ ሁዳዴ ስለነበር ሽሮና ጠላ ብቻ በቀረበበት ማኅበር፣ ምራታቸውን አስከትለው ልጁን ታቅፈው ገቡ። ጽዋው ሳይቀመስ የተቀያየመ ይቅር መባባል አለበት።

ነገር የማያልፋት ወይዘሮ ብርቱካን "ስንት ወሩ ሆነ?" አለች።

"አምስት ሊሆነው ነው" አሉ ወይዘሮ ወለተሥላሴ።

"እንዴት አርገሽ? ነሐሴ አይደል የተወለደው? ማነው የቆጠረው?"

"እኔ ነኝ! ፊትም ያሳሳትኳችሁ እኔ ነኝ። ልጁ ከጥር ነው፤ ጥፋቱ የአፌ ነው። ይቅር በይኝ ልጄ።" ሮማነወርቅ ከተቀመጠችበት ተነስታ ጉልበታቸውን ሳመች። ቄሱ ጽዋውን ባረኩ።

ሳህሉ የተቀመጠው በግንቦት ሦስት ነው፤ ለሦስት እስትንፋስ ያህል፣ ከዚያ ወደ ጎን ተንጋለለ። ከድር በዚያ ሰዓት እየዳኸ የእናቱን ዱቄት ይደፋ ነበር።

"ዘገየ" አለ ለገሠ።

"ማን ዘገየ?" ብለው እናቱ ዞሩበት። "አንተ ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዴ ውስጥ ተንደላቀህ መጥተህ፣ እግርህን ያነሳኸው በዓመት ከአምስት ወርህ አይደለም?"